ማጭዱን ጠይቁት፦ የፎረንሲክ ሳይንስ ለጀማሪዎች

(በጨፋ ሮቢት ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ዲስኩር)

  



በጨፋ ሜዳ ከብት ያረባ ሰው ለዛሬው ርዕስ እንግዳ አይደለም። ላም ከበረት ስትጠፋ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ኮቴው ትኩስ ነው ወይስ ጤዛ አርፎበታል? የተረገጠው ሣር ቀና ማለት ጀምሯል ወይስ ገና እንደተኛ ነው? ከኮቴው አጠገብ የሰው ዱካ አለ? ካለስ ከላይ ያረፈው የማን ነው? ሰውየው ላሟን ከኋላ እየነዳ ከሄደ የሱ ዱካ በኮቴዋ ላይ ያርፋል፤ ከፊት በገመድ እየሳበ ከሄደ ደግሞ ኮቴዋ የሱን ዱካ ይደፈጥጣል። ይህን አሥር ዓመት ያልሞላው እረኛ ያውቀዋል። በበጋ ግመላቸውንና ከብታቸውን ይዘው ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር የሚመጡት የአፋር እረኞችም ያውቁታል።

ፎረንሲክ ሳይንስ የሚባለው ከዚህ ዕውቀት የራቀ አይደለም። እረኛው ያየውን በዓይኑ ይዞ ይሄዳል፤ የፎረንሲክ ባለሙያ ግን ያየውን ይለካዋል፣ ይጽፈዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ሌላ ሰው ደግሞ መጥቶ እንዲመረምረው አሽጎ ያስቀምጠዋል። በዚህ መንገድ የታየው ነገር ዳኛ ፊት ይቀርባል።

እኔ ዛሬ የማምንበትን አንድ ነገር ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ይህ ትምህርት ላቦራቶሪ እስኪገነባ የሚጠብቅ አይደለም፤ ልጆቻችን በጀሶ፣ በከሰል ዱቄትና በእርሳስ ሊጀምሩት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስተምራቸውም ሳያጣሩ ሰውን አለመወንጀልን ነው።

አባቶቻችን ጥፋተኛን የሚፈልጉበት ሥርዓት ነበራቸው። አውጫጭኝ ይባላል፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ መበተን የለም። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው በሽማግሌ በኩል ይጠቁማል፤ ጠቋሚውም «ወፍ» ይባላል። ይህ ሥርዓት ክብር ይገባዋል። ባለጸጋውም ድሀውም አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ የአንዱ በደል የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። ችግሩ ማስረጃው ሁሉ ከሰው አፍ የሚወጣ መሆኑ ነው። ጠላት ያለው ሰው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ሰው፣ ዘመድ የሌለው ሰው በዚያ ጉባኤ ላይ ምን ዋስትና አለው?

ከዚህ የከፋ ደግሞ ነበረ፤ ሌባሻይ። ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስ ይስባል፤ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይነዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ተከሳሹ ምን ብሎ ይከራከራል? ምስክሩ የሰከረ ሕፃን ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። ኋላ መንግሥት ከልክሎት ቀረ እንጂ ስንቱ ንጹሕ ሰው ተዋርዶበታል።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ሶንግ ሲ የሚባል ቻይናዊ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1247 አሟሟትን ስለመመርመር መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ። አንድ ሰው በመንገድ ዳር ተቆራርጦ ሞቶ ተገኘ። ንብረቱ አልተነካም። መርማሪው ቁስሉን አይቶ በማጭድ የተገደለ መሆኑን ገመተ፤ ዘራፊ ቢሆን ኖሮ ንብረቱን ይወስድ ነበርና ቂም ያለው ሰው ነው አለ። የሟች ሚስት ስትጠየቅ ገንዘብ እንዲያበድራት ባሏን ለምኖ የተከለከለ አንድ ሰው እንዳለ ተናገረች። መርማሪው ግን ያን ሰው አላሰረውም፤ አልገረፈውም። በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። ሰባ ሰማንያ የሚሆን ማጭድ በፀሐይ ላይ ተደረደረ። ወሩ የበጋ ነበር፤ ዝንቦች መጡና በአንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ሰፈሩ። ታጥቦ ለዓይን የማይታየው ደም ለዝንብ ይሸት ነበር። ማጭዱ የዚያው ብድር የተከለከለው ሰው ሆኖ ተገኘ።

አያችሁ፣ ጉባኤው ከእኛ አውጫጭኝ ጋር አንድ ነው። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ የቀረ የለም። የተጠየቀው ግን ማጭዱ ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ እጁን ማውጣት አለበት። «በዚያ ማጭድ ጠዋት በግ ታርዶበት ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሰውን ደም ከእንስሳ ደም የሚለየው ምርመራ የመጣው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1901፣ በጀርመናዊው ፓውል ኡለንሁት ነው። ጥሩ ጀማሪ የማጭዱን መልስም ይመረምራል።

ወደ ሥራው እንግባ። መምህራን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በዕቃ እንዳትጀምሩት እለምናችኋለሁ፤ በዓይን ምስክር ጀምሩት። ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ተማሪዎቹ የማያውቁት ሰው በድንገት ይግባ፤ ከጠረጴዛው ላይ የጠመኔውን ካርቶን አንሥቶ አንድ ቃል ተናግሮ ይውጣ። ጥቂት ቆይታችሁ ክፍሉን በሁለት ክፈሉት። ግማሾቹ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይጻፉ፦ የሸሚዙ ቀለም ምንድን ነው? በየትኛው እጁ አነሣ? ምን አለ? ጫማው ምን ዓይነት ነው? ሌሎቹ ግማሾች ደግሞ መጀመሪያ ይወያዩ፣ ከዚያ ይጻፉ። ለየብቻ የጻፉት ብዙ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ተወያይተው የጻፉት ግን ይስማማሉ። ብዙ ጊዜ የተስማሙበት መልስ ድምፁ ጎላ ያለው ልጅ የተናገረው ሆኖ ይገኛል፤ ስሕተት ቢሆንም እንኳ። ልጆቹ አልዋሹም፤ የሰው ትዝታ ከጎረቤቱ ይበደራል። ይህን በገዛ ክፍሉ ያየ ልጅ አድጎ ፖሊስ ሲሆን ምስክሮችን ለየብቻ ይጠይቃል። ሽማግሌ ሲሆንም፣ አበጋር ሆኖ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቅም፣ «ሁሉም እንዲህ አለ» የሚለውን ንግግር በቀላሉ አይቀበልም።

ቀጥሎ ጀሶ። ለኮርኒስ የሚሆነው ጀሶ ይበቃል። እርጥብ አፈር ምረጡ፤ አንድ ተማሪ ሌሎቹ ሳያዩት በጫማው ይርገጥ። ጀሶ ከመቅረቡ በፊት ፎቶ ይነሣ፤ ስልኩ ከአናቱ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ ከዱካው ጎን ማስመሪያ ይቀመጥ። ማስመሪያ የሌለው ፎቶ የጫማውን ቁጥር አይነግረንም። የወደቀ ቅጠል በቀስታ ይነሣ፤ ዱካው ውስጥ ተረግጦ የተቀበረውን ግን አትንኩ፣ እሱም ማስረጃ ነው። ዙሪያውን በካርቶን ክበቡት። ጀሶውን በውኃ ላይ እየነሰነሳችሁ እንደ እርጎ እስኪወፍር አማስሉት። በቀጥታ ከላይ አታፍስሱት፤ በጎን በኩል በማንኪያ ላይ እያስተኛችሁ እንዲፈስ አድርጉት፣ አለዚያ መስመሩን ያጠፋዋል። ጀሶ ሲጠጥር ይሞቃል፤ እጁን ውስጡ ከትቶ የሚጠብቅ ልጅ ሊቃጠል ይችላልና ተጠንቀቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አንሡት። አፈሩን ወዲያው አትጥረጉ፤ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅ።

ሲጸዳ የምታዩት ነገር ያስደንቃችኋል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ጫማዎች አዲስ ሳሉ አይለዩም። ሦስት ወር ከተለበሱ በኋላ ግን የአንዱ ተረከዝ በውጭ በኩል ይበላል፤ የሌላውን ሶል እሾህ ይወጋዋል፤ ጠርዙም ላይ ይሰነጠቃል። የጫማው ባለቤት አረማመድ በሶሉ ላይ ተጽፏል። ልጆቹ የጀሶውን ቅርጽ ይዘው የክፍሉን ጫማ ሁሉ ያነጻጽሩ። ሲያገኙም «እሱ ነው» ብለው እንዲጮኹ አትፍቀዱላቸው፤ የሚመሳሰሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይዘርዝሩ፣ የማይመሳሰሉትንም ይዘርዝሩ። በባዶ እግር የተረገጠ ዱካ ካገኛችሁ ደግሞ ሒሳብ አለላችሁ። የሰው እግር ርዝመት ከቁመቱ በመቶ 15 ገደማ ነው። 26 ሴንቲ ሜትር እግር ያለው ሰው ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ73 ይጠጋል። ግምት ነው፤ በክፍሉ ልጆች ላይ ለክታችሁ ምን ያህል እንደሚያሳስት እዩ።

አሻራ ደግሞ ዛሬ ለማንም አዲስ አይደለም። ፋይዳ መታወቂያ ያወጣ ሁሉ አሥሩንም ጣቶቹን አስነሥቷል። ስሙን መጻፍ የማይችል አባት በውል ላይ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ ኖሯል። በእርሻና በድንጋይ ሥራ የከረመ እጅ መስመሩ ስለሚሳሳ ማሽኑን ሊያስቸግር ይችላል፤ ሥሩ በታችኛው ቆዳ ስለሆነ ግን እጁ ሲያርፍ መስመሩ ተመልሶ ይወጣል። መስመሩ የሚሠራው ገና በማኅፀን ሳለን ነው፤ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንድ ዓይነት አሻራ የላቸውም። እርሳስ በወረቀት ላይ አጥብቃችሁ አጥቁሩ፤ ጣታችሁን አሽታችሁ በስኮች ላይ ተጫኑ፤ ስኮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፉ። ሦስት ዓይነት መልክ ታያላችሁ፦ ገብቶ በመጣበት በኩል የሚመለስ፣ ዞሮ የሚከበብ፣ በአንድ ጎን ገብቶ ከፍ ብሎ በሌላው ጎን የሚወጣ። ተመላሹ ይበዛል፤ ከመቶ ስድሳ በላይ ነው። ሦስተኛው ከመቶ አምስት ገደማ ነው። የክፍላችሁን ቆጥራችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩ።

ከዚያ ቡና የተጠጣበትን ሲኒ አምጡ። ከሰል ፈጭታችሁ በስስ ጨርቅ ንፉ፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ለስላሳ ብሩሽ በዱቄቱ ነክታችሁ ሲኒውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት። ያልነበረ የሚመስል አሻራ ይወጣል። በስኮች አንሥታችሁ ወረቀት ላይ ለጥፉት፤ የተነሣበትን ሰዓት፣ ቦታና ያነሣውን ልጅ ስም ጻፉበት። ለሌላ ልጅ ከተሰጠ እሱም ይፈርም። ይህ የመጨረሻው ነገር አሰልቺ ይመስላል፤ በፍርድ ቤት ግን ብዙ ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማስረጃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ ካልታወቀ፣ የተለወጠ አለመሆኑን ማንም ሊምል አይችልም።

ለብድር ውልና ለደረሰኝ ደግሞ የቀለም ምርመራ አለ። 1 ቁጥር 7 የሆነበት፣ ዜሮ የተጨመረበት ወረቀት በየመንደሩ ስንት ወዳጅ አጣልቷል! ሁለት ዓይነት ጥቁር እስክሪብቶ ውሰዱ፤ በነጭ ሶፍት ቁራጭ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ የሶፍቱን ጫፍ አልኮል ውስጥ አስነኩት፣ ነጥቡ ግን አይንከር። አልኮሉ ወደ ላይ ሲሳብ ቀለሙን ይዞት ይወጣል፤ አንዱ ጥቁር ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሲበተን ሌላው በሌላ መልክ ሊበተን ይችላል። አንዳንዱ ጨርሶ አይበተንም፤ እሱም መልስ ነው። የደም ጠብታ ምርመራም አለ፤ በደም ምትክ የቀይ ሥር ጭማቂ በማንጠብጠብ ትሪጎኖሜትሪ ማስተማርም ይቻላል። በጎን የመጣ ጠብታ ሞላላ ይሆናል፤ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ከሆነ፣ ሳይኑ ግማሽ ነው፤ በ30 ዲግሪ ወርዷል ማለት ነው። የሒሳብ መምህራን ይህን እንዳትንቁት።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከአርጀንቲና ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 ኔኮቼያ በምትባል ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ። እናታቸው ፍራንሲስካ ሮሃስ ጎረቤቷን ቬላስኬስን ወነጀለች። ሰውየው ተይዞ ተሠቃየ፤ አላመነም። መርማሪው ኤድዋርዶ አልቫሬስ ቤቱን እንደገና ሲፈትሽ በበሩ ላይ የደረቀ የደም አሻራ አየ፤ ያን የእንጨት ክፍል ቆርጦ ወሰደው። ሁዋን ቩሴቲች ባዘጋጀው የአሻራ ዘዴ ሲነጻጸር ከእናትየዋ አውራ ጣት ጋር ገጠመ፤ እሷም አመነች። ዱላው ያላወጣውን እውነት በሩ አወጣው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያች አገር ባለሙያዎች ወደ እኛ መጡ። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በአገሩ በወታደራዊው አገዛዝ የተሰወሩትን ለመፈለግ የተቋቋመ ነው። በደርግ ዘመን የተገደሉትን ጉዳይ የያዘው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጋበዛቸውና በአዲስ አበባ የጅምላ መቃብሮችን ከኢትዮጵያውያን ጋር ከፈቱ። በኮተቤ ከተገኙት አፅሞች በአንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ ያለባቸው ነበሩ። ገዳዮቹ ሰነድ ሊደብቁ ይችሉ ይሆናል፤ ገመዱ ግን እንዴት እንደሞቱ ተናገረ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው አፅሞቹን ከፎቶግራፎቹ ጋር አይቷል። ልጁ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ለኖረች እናት፣ አፅሙን መለየት ሳይንስ ከሚሰጣት ነገር ሁሉ ይበልጣል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። 157 ሰዎች አለቁ። ቤተሰብ የሚቀብረው አካል አጥቶ ከአደጋው ቦታ አፈር ተሰጠው። ከዚያ በዲኤንኤና በአሻራ ምርመራ፣ በኢንተርፖል እገዛ፣ በወራት ውስጥ ሁሉም ማንነታቸው ታወቀ።

ዲኤንኤ በወንጀል ጉዳይ መጀመሪያ ሲሠራበት ያደረገውን ታውቃላችሁ? ንጹሕ ሰው ነፃ አወጣ። በእንግሊዝ አገር የሁለት ልጃገረዶች ግድያ ሲመረመር አንድ የ17 ዓመት ወጣት አንዱን ግድያ አምኖ ነበር። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው አሌክ ጄፍሪስ ሲመረምር ናሙናው የሱ ሆኖ አልተገኘም። እውነተኛው ገዳይ በኋላ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ያ ልጅ ያላደረገውን ለምን አመነ? በፍርሃት የተያዘ ሰው ብዙ ነገር ያምናል። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ሕጉ እንዲሠራ ግን ፖሊሱ ከዱላ ሌላ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ያ መሣሪያ ይህ ትምህርት ነው።

ሳይንሱም ይሳሳታል፤ ይህን ከልጆቹ አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ፍንዳታ ሲደርስ የአሜሪካው ኤፍቢአይ አንድን አሻራ ብራንደን ሜይፊልድ ከሚባል ሙስሊም ጠበቃ ጋር አገናኘው። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ፤ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ ነው አንዱ ያነጻጸረውን ሌላው፣ የመጀመሪያውን መልስ ሳይሰማ፣ ደግሞ እንዲያነጻጽር የምንለው። በክፍላችሁም እንዲሁ አድርጉ።

አሁን ለወላጆችና ለቀበሌ ሰዎች። ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ መንደሩ በሙሉ ይተማል፤ በርኅራኄ ነው። ግን መቶ ሰው የረገጠበት ግቢ ምንም አይናገርም። የተጎዳ ሰው ካለ መርዳት ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ በገመድ ከልሉት፣ አንድ መግቢያ ብቻ ይኑር፣ ዝናብ ከመጣ ዱካውን በገበቴ ወይም በሳፋ ድፉበት። ሞቱ አጠራጣሪ ከሆነ አስከሬኑ ከመታጠቡ በፊት ለፖሊስ ይነገር። ቀብርን ማፋጠን የሟች ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሞተ መታወቁም የሟች ሐቅ ነው። ከክፍለ ሀገር ሳይቀር አስከሬን ወደ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ለምርመራ ሲላክ የኖረው ለዚህ ነው።

አንዲት ልጅ ጥቃት ከደረሰባት፣ እናቶች ሆይ፣ ለሽማግሌ ከመንገር በፊት ወደ ሐኪም ውሰዷት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቀድሞ ሲጀመር ይሻላል። የለበሰችውን አትጠቡ። በፌስታል አትቋጥሩት፤ በዚህ ሙቀት ይታፈናል፣ ይሻግታል፣ ማስረጃው ይበላሻል። በወረቀት ወይም በካኪ ፖስታ ይቀመጥ። ታጥባ ቢሆን፣ ቀን አልፎ ቢሆንም እንኳ ከመሄድ አትቅር።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። የትምህርት ቤቶቻችን የሳይንስ ክበባት በዚህ ዓመት አንድ የፎረንሲክ ቡድን ያቋቁሙ። የአካባቢው ፖሊስ መርማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ለልጆቹ ይቅረቡ። ዱካ የሚያነቡ አዛውንት እረኞችም ተጋብዘው ያስተምሩ፤ ይህን ዕውቀት ጽፈን ካልያዝነው ከነሱ ጋር ይሄዳል። ጀሶው፣ ከሰሉና ስኮቹ በውጭ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ተዘጋጅተዋል። አምስት አምስት ሆናችሁ ውጡ፤ የመጀመሪያው ቡድን በዱካው ይጀምር፣ ማስመሪያውንም አትርሱ።